የቪኤ ሬቲንግ ይግባኝ፦ ወገብ 10፣ ማይግሬን 0፣ ስሊፕ አፕኒያ ውድቅ፤ በየትኛው መንገድ ልሂድ?

ቀይ ቦኔት

ሰላም ለሁላችሁ። ከቪኤ (ከአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት) የመጣው የሬቲንግ፣ ማለት የጉዳት መቶኛ፣ የውሳኔ ደብዳቤ ማርች 14፣ 2025 የተጻፈ ነው። ወገብ 10 በመቶ፣ የጆሮ ጩኸት 10፣ ማይግሬን 0፤ ስሊፕ አፕኒያው (በእንቅልፍ ትንፋሽ የሚቆራረጥበት ሕመም) ደግሞ ከውትድርና አገልግሎት ጋር የሚያያይዘው ማስረጃ የለም ተብሎ ውድቅ ሆኗል። በድምሩ 20 በመቶ። አገልግሎቱ ከ2014 እስከ 2019 ሲሆን ሰባት ወሩ ጅቡቲ ነበር። ሲፓፕ የሚባለው የሌሊት መተንፈሻ ማሽን የታዘዘው በ2021 ነው። አንዱ «ሃየር ሌቭል ፈጣን ነው» ይላል፣ ሌላው «ቀጥታ ቦርድ (ወደ ቪኤ የይግባኝ ዳኞች) ሂድ» ይላል። የቱ ይሻላል? ደግሞስ ይግባኝ ሲባል ያለውንም አይነጥቁም?

መዝገብ ቤት

ወንድሜ፣ መንገድ ከመምረጥህ በፊት ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ገጽ አንብበው። ሰው መቶኛውን አይቶ ይናደድና ቀሪውን አይገልጥም፤ ቁም ነገሩ ያለው ግን እዚያ ነው። ለእያንዳንዱ ሕመም ለየብቻ ሁለት ቦታ አስምር። አንደኛው ውድቅ ወይም ዝቅ ያደረጉበት ምክንያት ነው። ሁለተኛው «ፌቨረብል ፋይንዲንግስ» የሚለው ክፍል ነው፤ ቪኤ ራሱ አምኖ የተቀበለልህ ነገር ማለት ነው። ይህ አንዴ ከተጻፈ፣ ግልጽና የማያከራክር ስህተት ካልተገኘበት በቀር፣ ቀጥሎ ፋይሉን የሚያየው ገምጋሚም ሆነ የቦርድ ዳኛ አያፈርሰውም። አፕኒያው ላይ «ሕመሙ መኖሩ ተረጋግጧል» ብለው ከሆነ ያንን ዳግመኛ ማስረዳት አይጠበቅብህም።

ከአገልግሎት ጋር ለማያያዝ ሦስት ነገር ያስፈልጋል፦ አሁን ያለ ሕመም፣ አገልግሎት ላይ የደረሰ ነገር፣ ሁለቱን የሚያገናኝ የሐኪም ቃል። ሦስተኛውን ኔክሰስ ይሉታል፣ ከአፕኒያው ፋይል የጎደለውም እሱ ነው። ማስረጃ ሲጎድል ክርክር አይሞላውም። ስለዚህ አፕኒያው የሚሄደው በሰፕሌመንታል ክሌም (ተጨማሪ ማስረጃ ይዞ ዳግም ማመልከት) ነው፣ ፎርም 20-0995። አዲስና ጉዳዩን የሚነካ ማስረጃ አብሮ ካልገባ ግን ጉዳዩን መልሰው አይመለከቱትም።

ሃየር ሌቭል ሪቪው፣ ፎርም 20-0996፣ የተሠራው ለሌላ ነገር ነው። ማስረጃው ፋይሉ ውስጥ እያለ ሕጉን አጣመው ከተረጎሙት፣ ወይም ማድረግ የነበረባቸውን ምርመራ በትክክል ካላደረጉ፣ አንድ የበላይ ገምጋሚ ያንኑ ፋይል እንደ አዲስ ያየዋል። አንዲት ወረቀት መጨመር አይቻልም።

ቦርዱ ፎርም 10182 ሆኖ ሦስት ወረፋ አለው። አንዱ ባለው ፋይል ብቻ የሚወሰንበት ነው። ሁለተኛው ፎርሙ ከደረሰ ጀምሮ በ90 ቀን ውስጥ ማስረጃ የሚጨመርበት ሲሆን፣ ሦስተኛው ዳኛ ፊት ቀርቦ መናገርን የሚጨምር ነው። የመጨረሻው ከሁሉም ይረዝማል። ሌሎቹ ሁለት መንገዶች በወር ሲቆጠሩ ቦርድ የሚቆጠረው በዓመት ስለሆነ፣ ከመጀመሪያው ውሳኔ በቀጥታ ቦርድ መሄድ ለአብዛኛው ሰው ትርፍ የለውም።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር፦ አንድ ደብዳቤ ላይ ያሉ ሕመሞች ሁሉ በአንድ መንገድ እንዲሄዱ ግዴታ የለም። አፕኒያውና ማይግሬኑ በሰፕሌመንታል፣ ወገቡ በሃየር ሌቭል መሄድ ይችላሉ። ክልክሉ አንዱን ሕመም በአንድ ጊዜ በሁለት መንገድ መላክ ነው።

ዛሬውኑ ደግሞ ፎርም 20-10206 ሞልተህ የክሌም ፋይልህን ጠይቅ። የሲ ኤንድ ፒ (ቪኤ የሚያዘው የጉዳት ምርመራ) መርማሪው የጻፈው ሪፖርት የሚገኘው እዚያ ውስጥ ነው፤ ደብዳቤው ቁንጽሉን ብቻ ነው የሚጠቅሰው። ፋይሉ እስኪመጣ ወራት ሊወስድ ይችላል። ሕጋዊ ፈቃድ ያለው ወኪል ካለህ ግን በራሱ ኮምፒዩተር ከፍቶ ያየዋል።

አስር አለቃ

አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ በዚህ አልስማማም። ሃየር ሌቭል ግባቸው በአማካይ 125 ቀን ነው፤ ሁሉንም እዚያ አስገብቶ ገምጋሚውን በስልክ ማናገር ይሻላል። ቢሸነፍ ምን ይጎዳል? ከዚያ በኋላ ሰፕሌመንታል ማስገባት ይቻላል፣ የመጀመሪያው የክሌም ቀንም አይጠፋም።

መዝገብ ቤት

ቀኑ አይጠፋም፣ ልክ ነህ። ከእያንዳንዱ ውሳኔ በኋላ አንድ ዓመት ሳያልፍ ቀጣዩን እርምጃ እስከወሰድክ ድረስ ክፍያው የሚታሰበው ከመጀመሪያው ክሌም ቀን ነው፤ በሃየር ሌቭል ላይ ሃየር ሌቭል ግን አይደረብም። እኔ ያልኩት ስለ ጊዜው ነው። ኔክሰስ የሌለውን አፕኒያ ሃየር ሌቭል ብትልከው ገምጋሚው ያንኑ ባዶ ቦታ አይቶ ያንኑ መልስ ይሰጥሃል፣ አራት አምስት ወር በከንቱ ሄደ። የስልኩ ውይይትም ቢሆን ፋይሉ ውስጥ ያለውን ስህተት በገጽ ቁጥር ማመልከቻ ነው። «ሌሊት ትንፋሼ ይቆራረጣል» ብሎ መንገር አዲስ ማስረጃ ስለሚሆን ገምጋሚው ሊመዝነው አይችልም።

ጎንዮሜትር

ወገቡን ለእኔ ተዉት። ሪፖርቱ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው ወደ ፊት ማጎንበስን የሚለካው ቁጥር ነው። የታችኛው ጀርባ ወደ ፊት ሙሉ መታጠፍ 90 ዲግሪ ነው። ከ60 በላይ ሆኖ ከ85 ካልበለጠ 10 በመቶ ይሰጣል። ከ30 በላይ ሆኖ ከ60 ካልበለጠ 20፣ ከ30 ካልበለጠ ደግሞ 40 ነው። የጡንቻ መኮማተሩ አረማመድን ወይም የአከርካሪን ቅርጽ የሚያዛባ ከሆነም 20 ይደርሳል።

እዚህ ላይ መርማሪው ስንት ነገር መጻፍ እንዳለበት ተመልከት። መጠኑን በጎንዮሜትር (የመታጠፍ ዲግሪ መለኪያ) መለካት አለበት፣ በዓይን ግምት አይሆንም። ሕመሙ የጀመረበትን ዲግሪ ይመዘግባል፤ ደጋግመህ ከታጠፍክ በኋላ የቀረውንም እንዲሁ። ከሁሉም በላይ ሕመሙ በሚነሳበት ቀን፣ ፍሌር አፕ በሚሉት፣ ወገብህ ስንት ዲግሪ ብቻ እንደሚታጠፍ መገመት አለበት። «በምርመራው ቀን ስላልተነሳበት መገመት አልችልም» ብሎ ማለፍ አይበቃውም። የቬተራኖች ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2017 በሻርፕ ጉዳይ እንደወሰነው መርማሪው በስንት ጊዜ እንደሚነሳ፣ ምን ያህል እንደሚቆይና ምን እንደሚከለክል አንተኑ ጠይቆ ግምቱን መስጠት ይጠበቅበታል። ሪፖርቱ 70 ዲግሪ ብሎ የፍሌር አፑን ቦታ በዚህ ዓይነት ቃል ዘግቶት ከሆነ፣ ያ ንጹህ የሃየር ሌቭል ጉዳይ ነው። ገምጋሚው ስህተቱን ሲቀበል ፋይሉን መልሶ አዲስ ምርመራ ያዛል።

አዲሱ ምርመራ ላይ ስህተቱ ብዙውን ጊዜ ከእኛው ነው። «እንዴት ነህ?» ሲባል «ይመስገን፣ ደህና ነኝ» እንላለን፤ ያ ሰላምታ ተጽፎ ይቀመጣል። ጎበዝ ለመባል ጥርስን ነክሶ እስከ መጨረሻ ማጎንበስም አለ። ሕመሙ የጀመረበት ቦታ ላይ ቆም በልና «እዚህ ጋ ጀመረኝ» በል። ማጋነንም አያስፈልግም፤ ምርመራው ላይ 30 ዲግሪ ታጥፎ ጫማውን ጎንበስ ብሎ የሚያስር ሰው ያንኑ ነው የሚጽፉበት። የታዘዘልህን መድኃኒት ወስደህ ከሆነም ተናገር።

ሌላም የሚረሳ ነገር፦ ሕመሙ ወደ እግር ወርዶ የሚያደነዝዝ ከሆነ የነርቩ ጉዳት ለብቻው ሬቲንግ አለው። የሳያቲክ ነርቭ ቀላል ሲሆን 10፣ መካከለኛ ሲሆን 20 ነው፤ ለየእግሩ።

የሌሊት ተረኛ

ማይግሬኑ 0 የሆነበት ምክንያት አንድ ሳጥን ሳይሆን አይቀርም። በራስ ምታት ዲቢኪው (ሐኪም የሚሞላው የቪኤ መጠይቅ) ላይ «ፕሮስትሬቲንግ» የሚል ጥያቄ አለ፤ ሰውን ከአልጋ የሚጥል፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ የሚያስተኛ ማለት ነው። መርማሪው «የለም» ላይ ምልክት ካደረገ ሳምንት ሙሉ ቢያምህም ውጤቱ ዜሮ ነው። እንዲህ ዓይነቱ በአማካይ በሁለት ወር አንዴ ሲሆን 10፣ ባለፉት በርካታ ወራት በአማካይ በወር አንዴ ከሆነ 30 ነው። 50ው በጣም ተደጋጋሚ፣ የሚረዝምና ሥራን ክፉኛ ለሚያናጋ ነው፤ ከዚያ በላይ የለም።

ስለዚህ መዝግብ። የስልክ ካላንደር ይበቃል። «ጁን 3፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀመረ፣ ሱማትሪፕታን ተወሰደ፣ ጨለማ ክፍል 5 ሰዓት፣ ማስታወክ፣ ከሥራ ቀረሁ» በሚመስል መልኩ። አደራ፣ ወደ እንግሊዝኛ ስትገለብጠው ሰዓቱን አስተካክል፤ የእኛ 8 ሰዓት እነሱ ዘንድ 2 ፒኤም ነው። «ብዙ ጊዜ ያመኛል» የሚል ዓረፍተ ነገር ለማንም አይጠቅምም። የሦስት አራት ወር መዝገብ፣ ከሥራ የቀረህበት የሰዓት ወረቀትና ሐኪምህ የሞላው ዲቢኪው አንድ ላይ ሲገቡ አዲስ ማስረጃ ናቸው።

ለአፕኒያው የሐኪሙ ደብዳቤ እንዲህ መሆን አለበት። ሐኪሙ የአገልግሎት ጊዜ የሕክምና መዝገብህን እንዳየ ይጽፋል። ከዚያ ፍርዱን «አት ሊስት አዝ ላይክሊ አዝ ኖት» በሚለው ቃል ያስቀምጣል፤ ዕድሉ ከ50 በመቶ አያንስም ማለት ነው። «ሜይ ቢ» ወይም «ኩድ ቢ» ብሎ ከጻፈ እንደ ግምት ይቆጠራል፣ ይወድቃል። ከዚያ «ምክንያቱም» መምጣት አለበት። ዋጋው ያለው ማብራሪያው ላይ ነው፤ ያለ ማብራሪያ የፕሮፌሰር ፊርማም አያድነውም። የቪኤ መርማሪ ብዙ ጊዜ «አፕኒያው ከክብደት የመጣ ነው» ስለሚል፣ ሐኪሙ በአገልግሎት ጊዜ የነበረውን ክብደት ጠቅሶ አስቀድሞ ቢመልስለት ይመረጣል።

አንድ ክፍል ያደሩ ጓደኞች ደግሞ ፎርም 21-10210 ይሙሉ። «አፕኒያ ነበረበት» አይበሉ፣ እሱ የሐኪም ሥራ ነው። «በ2017 ለሰባት ወር አንድ ክፍል ነበርን፤ ሲያንኮራፋ ድንገት ትንፋሹ ይቆማል፣ ከዚያ እየታነቀ ይነሳል፣ በሳምንት አራት አምስት ሌሊት» ይበሉ። የእንቅልፍ ምርመራው ከአገልግሎት በኋላ ስለሆነ ያንን የሁለት ዓመት ክፍተት የሚሞላው ይሄ ነው።

መዝገብ ቤት

የሌሊት ተረኛ ያለችው ላይ አንድ ልጨምር፣ ጅቡቲ የሚለውን ማንም አላነሳውም። ኦገስት 10፣ 2022 የተፈረመው ፓክት አክት (አገልግሎት ላይ ለመርዛማ ነገር የተጋለጡትን የሚመለከት ሕግ) ከሴፕቴምበር 11፣ 2001 ወዲህ ጅቡቲ ያገለገሉትን ይሸፍናል። በዚህ ሕግ ሥር የሰደደ ራይናይተስና ሳይነሳይተስ (የአፍንጫና የሳይነስ መቆጣት)፣ እንዲሁም ከአገልግሎት በኋላ የተገኘ አስም፣ ያለ ኔክሰስ ደብዳቤ ከአገልግሎት እንደመጡ ይቆጠራሉ። ስሊፕ አፕኒያ ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ «ፓክት አክት ስላለ አፕኒያው ይሰጠኛል» የሚል ወሬ ብዙ ሰው አሳስቷል።

መንገዱ እንዲህ ነው። አፍንጫህ ሁልጊዜ የሚዘጋ ከሆነና ሐኪም ራይናይተስ ካለው፣ እሱን በአዲስ ክሌም አስገባ፣ ፎርም 21-526ኢዚ። ከዚያ አፕኒያውን በሰፕሌመንታል ስታስገባ ሐኪሙ ሁለቱንም መንገድ ይጻፍ፦ በቀጥታ ከአገልግሎት፣ ወይም በራይናይተሱ የመጣ ወይም የተባባሰ። «የተባባሰ» የምትለዋን ቃል አትርሱ። መርማሪዎች «አላመጣውም» ብለው ያቆማሉ፤ ሕጉ ግን ማባባስንም ይቆጥራል።

አስር አለቃ

እሺ፣ የአፕኒያውን ተቀብያለሁ። ግን ሒሳቡን ላሳይህ፣ ምክንያቱም ሰው 50 ሲደመር 30 ሲደመር 20 ሲደመር 10 ብሎ 110 ያወጣል። ቪኤ የሚያሰላው ከቀረው ጤንነት ላይ ነው። ከትልቁ ይጀመራል። ሲፓፕ የሚያስፈልገው አፕኒያ አሁን ባለው ሠንጠረዥ 50 ነው፤ 50 ቀረ። ማይግሬን 30 ቢሆን የ50ው 30 በመቶ 15 ነው፣ ድምሩ 65። ወገብ 20 ቢሆን የቀረው 35 ላይ 20 በመቶ 7 ነው፣ 72። የጆሮ ጩኸቱ 10 የቀረው 28 ላይ 2.8 ነው፣ 75። 75 ወደ ላይ ተጠጋግቶ 80 ይሆናል።

ያቺ ሁሉ ሰው የሚንቃት የጆሮ 10 ባትኖር 72 ወደ 70 ይወርድ ነበር። በ2025 ሠንጠረዥ ለብቸኛ ሰው 70 በወር 1,759.19 ዶላር ነበር፣ 80 ደግሞ 2,044.89። አሁን ያለህ 20 ግን በዚያው ሠንጠረዥ 346.95 ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ልፋቱ አፕኒያው ላይ ይሁን፤ ሌላው ከእሱ ጋር ሲደመር ነው ዋጋ የሚያወጣው።

ቀይ ቦኔት

እናንተ ሰዎች ተባረኩ። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ባለቤቴና እናቴ አዲስ አበባ ናቸው፤ ሬቲንጉ ከፍ ካለ ይታሰባሉ? ደግሞ ለራስ ምታቱ አዲስ አበባ የታከምኩበት የሐኪም ወረቀት በአማርኛ አለ፣ እሱ ይሠራል?

ትርጉም ቤት

ሁለቱም ይሆናሉ፣ ወረቀቱ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል ወንድም ዓለም።

30 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን ለባለቤት፣ ለልጆችና በአንተ ለሚተዳደሩ ወላጆች ተጨማሪ ይከፈላል፤ እዚያ መኖራቸው አይከለክልም። ለባለቤትህ ፎርም 21-686ሲ፣ ለእናትህ 21ፒ-509 ነው። ለእናት ገቢዋንና ወጪዋን ይጠይቃሉ፤ የምትልከውን የሐዋላ ደረሰኝ አስቀምጥ። የሬቲንግ ደብዳቤው በመጣ በዓመት ውስጥ ካስገባህ ክፍያው ሬቲንጉ ከጀመረበት ቀን ጀምሮ ይታሰባል፤ ካለፈ ያለፈው ቀረ።

አሁን ወደ ቀኑ። የሐኪሙ ወረቀት «ግንቦት 3 ቀን 2012» ይላል እንበል። ይህ በፈረንጅ ሜይ 11፣ 2020 ነው። ተርጓሚው ወሩን «ሜይ» ብሎ ዓመቱን 2012 ብሎ ከተወው ምን ይሆናል? አገልግሎትህ በ2014 ስለጀመረ ራስ ምታቱ ሠራዊት ከመግባትህ በፊት የነበረ ይመስላል። በራስህ እጅ በራስህ ላይ ማስረጃ አቀረብክ ማለት ነው። የልደት ወረቀትም እንዲሁ ነው፤ ጥር 15 ቀን 1975 የተወለደ ሰው ጃንዋሪ 23፣ 1983 ነው። ትርጉሙ ላይ ሁለቱም ቀን ይጻፍ፣ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» የሚል ማስታወሻ ይኑረው፣ ተርጓሚው ትርጉሙ ትክክል መሆኑን በፊርማው ያረጋግጥ፣ ዋናው አማርኛም አብሮ ይግባ።

ሁለተኛው ጣጣ ስም ነው። ያንተ፣ የባለቤትህና የእናትህ የመጨረሻ ስም ሦስቱም ይለያያል፤ ፋይሉን የያዘው ሰው ደግሞ የእኛን አሰያየም አያውቅም። ፎርም 21-4138 ላይ በአራት መስመር አስረዳ፦ በኢትዮጵያ ሁለተኛው ስም የአባት፣ ሦስተኛው የአያት ነው፤ ሴት ስታገባ የባሏን ስም አትወስድም። «ጽጌ» በአንድ ወረቀት ላይ በአንድ ዓይነት፣ በሌላው ላይ በሌላ ፊደል ከተጻፈም ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን እዚያው ላይ ግለጽ።

መዝገብ ቤት

ስለ መነጠቁ ማንም አልመለሰልህም። በሃየር ሌቭል ገምጋሚው «እኔ ቢሆን 10 አልሰጥም ነበር» ብሎ ሊቀንስ አይችልም፤ ግልጽና የማያከራክር ስህተት ማግኘት አለበት። አዲስ ምርመራ ሲታዘዝ ግን ሕመሙ እንደተሻለ ከታየ የመቀነስ ሐሳብ ሊመጣ ይችላል፣ ይሄ እውነት ነው። ያኔም የሚከፈልህን ክፍያ የሚነካ ከሆነ መጀመሪያ ሐሳቡን በደብዳቤ ይነግሩሃል፤ ማስረጃ ለማቅረብ 60 ቀን፣ ችሎት ለመጠየቅ 30 ቀን አለህ። በ30ው ቀን ችሎት ከጠየቅክ እስኪሰሙህ ክፍያው አይነካም። ወገብህ 10 ላይ ስለሆነ ግን የምታጣው ትንሽ ነው።

የማይግሬኑን 0ም አትናቀው። ከአገልግሎት ጋር ተያይዟል ማለት ነው፤ ኔክሰሱ አልቋል፣ የቀረው ስለ መጠኑ መከራከር ብቻ ነው።

የሌሊት ተረኛ

ስለ ገንዘብም ይባል። ቪኤስኦዎች (የቀድሞ ወታደሮች አገልግሎት ድርጅቶች) በነጻ ነው የሚሠሩት፣ የሚፈረመው ፎርም 21-22 ነው። ፈቃድ ያለው ጠበቃ ወይም ወኪል 21-22ኤ ነው፤ ማስከፈል የሚችለው ከመጀመሪያው ውሳኔ በኋላ ብቻ ነው። ከተጠራቀመው ክፍያ እስከ 20 በመቶ ተገቢ ተብሎ ይታሰባል፣ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ደግሞ ያለአግባብ ነው። «ከሚጨመርልህ የስድስት ወር ክፍያ ስጠኝ» የሚል ካጋጠመህ ስሙን ቪኤ ድረ ገጽ ላይ ባለው የፈቃድ ዝርዝር ፈልገው። ከሌለ ስልኩን ዝጋ።

ቀይ ቦኔት

ደብዳቤው በእጄ የገባው ማርች 24 ነው። አንዱ ዓመት ከዚያ ነው የሚቆጠረው?

መዝገብ ቤት

አይደለም። ደብዳቤው ላይ ከተጻፈው ቀን ነው፣ ማርች 14። እስከ ማርች 14፣ 2026 ፎርሙ እነሱ ዘንድ መድረስ አለበት፤ የመጨረሻዋን ሳምንት አትጠብቅ። በድረ ገጹ ካስገባህ የመቀበያ ገጹን ቀኑ እንደሚታይ አድርገህ በፒዲኤፍ አስቀምጥ። በፋክስ ከሆነ የማረጋገጫ ወረቀቷን አትጣል። ሃየር ሌቭሉ ላይ የስልክ ውይይት ከጠየቅክ ደግሞ የማታውቀውን ቁጥር ማንሳት ጀምር፤ ሁለቴ ደውለው ካላገኙህ ያለ አንተ ይወስናሉ።

ጎንዮሜትር

ለምርመራ ቀጠሮም የሚደውሉት ከማታውቀው ቁጥር ነው። እንዲጨመርልህ በጠየቅከው ሕመም ላይ ያለ በቂ ምክንያት ከቀጠሮ መቅረት በቀጥታ ውድቅ ያስደርጋል።